ኤአይና የልጆች ፋይል፦ ለክርስቲያናዊ የሕፃናት መርጃ ድርጅቶች ዝርዝር መመሪያ

ካዛንቺስ፣ ፒያሳ፣ ልደታ ወይም ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ ክርስቲያናዊ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቢሯችሁ ገብቷል። ድርጅቱ ፈቀደም አልፈቀደም፣ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ በሠራተኛው ስልክ ላይ አለ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ፣ የስፖንሰር ደብዳቤ ሲከመር፣ ፕሮፖዛሉ ነገ ይገባል ሲባል እጅ ወደዚያው ይሄዳል። አይፈረድበትም። ሥራው ብዙ ነው፣ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው ኤአይ አትጠቀሙ ለማለት አይደለም። ተጠቀሙበት። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ልጁን ለማሽኑ አትስጡ። ስሙን፣ ፎቶውን፣ በሽታውን፣ የቤቱን ችግር አትስጡ። ማሽኑ ከሚያወጣው ይልቅ እኛ የምናስገባው ነው የሚያስጨንቀኝ። የተበላሸ ሪፖርት ይታረማል። ከቢሮ የወጣ የልጅ ምስጢር ግን አይመለስም።

1. መጀመሪያ ማን በምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ

ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ። ሠራተኛውን ቡና ላይ ሰብስቡና ማንም እንደማይቀጣ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይህን ካላላችሁ እውነቱን አታገኙም። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ። የትኛውን አፕ ትጠቀማላችሁ? አካውንቱ የማን ነው? እስከዛሬ ምን አስገብታችሁበታል?

መልሱ ውስጥ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የቴሌግራም ቦት ነው። ብዙ ሰው ኤአይ የሚጠቀመው ቴሌግራም ላይ ባገኘው ቦት ነው። ቦቱን ማን እንደሠራው፣ የተጻፈለትን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ የለም። ለቢሮ ሥራ ይህ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

ሁለተኛው የጋራ አካውንት ነው። የውጭ ክፍያ በዶላር ካርድ ስለሆነ ሰዎች አንድ የተከፈለበት አካውንት ተካፍለው ይጠቀማሉ። እንዲህ ሲሆን አንዱ የጻፈውን ሌላው ከታሪኩ ላይ ያነበዋል። የእናንተ ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለ አንዲት ልጅ የጻፈችውን፣ አካውንቱን አብሮ የከፈለ የማታውቁት ሰው ሊያየው ይችላል ማለት ነው።

2. አንድ መሣሪያ፣ አንድ የቢሮ አካውንት

ከዚያ በኋላ አንድ ምረጡ። በግል ጂሜይል ሳይሆን በድርጅቱ ኢሜይል ክፈቱት። ሠራተኛ ሲለቅ የጻፈው ሁሉ አብሮት ከግቢ እንዳይወጣ ነው።

ከተቻለ ለድርጅቶች የተዘጋጀውን የሚከፈልበት ዓይነት ውሰዱ። ክፍያው ከከበደ ውጭ ያለውን አጋር ድርጅት በበጀቱ እንዲያካትተው ጠይቁት። የልጆቹን ደኅንነት የሚጠይቀው እርሱ ራሱ ስለሆነ ጥያቄው አያሳፍርም።

በነጻው ቻትጂፒቲ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የምታጠፉት ማስተካከያ አለ። ካልነካችሁት በስተቀር የምትጽፉት ጽሑፍ ሞዴሉን ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። ማስተካከያ ውስጥ ግቡ፣ ዳታን የሚመለከተውን ክፍል ክፈቱ፣ ሞዴሉን ለማሻሻል መፍቀድን አጥፉት። ጀሚናይን በተመለከተ ጉግል ራሱ ንግግሮችን ሰዎች ሊያነቧቸው እንደሚችሉ ገልጾ፣ ምስጢራዊ መረጃ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ባለቤቱ እንዲህ ካለ እኛ ከእርሱ በላይ ልንተማመን አይገባም።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁም በኋላ ጽሑፉ ከአገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ከማስተካከያው ይበልጣል።

3. ምን ይገባል፣ ምን አይገባም

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለ ጤና፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ብሔር የሚናገር መረጃ በአዋጁ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዳታ ነው። የአንድ ክርስቲያናዊ የሕፃናት ድርጅት ፋይል ውስጥ ደግሞ እነዚህ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገኛሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። የበጎ አድራጎት ሥራ መሆኑ ከዚህ ነጻ አያወጣንም።

ሦስት ዝርዝር አዘጋጁና ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ፈጽሞ የማይገባ፦ የልጅና የአሳዳጊ ስም፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የሕክምና ካርድ፣ የኤችአይቪ ሁኔታ፣ የጥቃት ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ማስታወሻ፣ የስፖንሰሮች ስምና አድራሻ።

ተሸፍኖ የሚገባ፦ የልጆች ደብዳቤ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ጥቅል ግኝት፣ የሪፖርት ረቂቅ።

እንዳለ የሚገባ፦ የስብሰባ አጀንዳ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሥልጠና ዕቅድ፣ የበዓል ፕሮግራም መሪ ሐሳብ፣ የኤክሴል ቀመር ጥያቄ፣ ለወላጆች የሚነገር የጤና ትምህርት ረቂቅ። እውነቱን ለመናገር የቢሮውን ጊዜ የሚበላው አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ኤአይ የልጅ ምስጢር ሳይነካ የሚያግዛችሁም በዚሁ ነው።

4. አሸፋፈኑን እንዲህ ሥሩት

ብዙ ሠራተኛ ስም ካጠፋ የሸፈነ ይመስለዋል። እስኪ ይህን አንብቡ፦ «ልደታ አካባቢ ቡና የምትሸጥ እናት ያላት፣ አባቷ በመኪና አደጋ የሞተ፣ በቀኝ እግሯ የምታነክስ የ3ኛ ክፍል ተማሪ።» ስም የለም። ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

እኔ የምመክረው ፈተና ይህ ነው። ጽሑፉን የእናቷ ዕድርተኛ ቢያነበው ልጅቱን ይለያታል? አዎ ከሆነ አልተሸፈነችም።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ጽሑፉን በቀጥታ ወደ ኤአይ አትገልብጡ። መጀመሪያ ወርድ ላይ አስቀምጡት። ስሙን «ልጅ ሀ»፣ እናቱን «አሳዳጊ ሀ» በሉ፤ ፈልጎ የሚተካውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ነገር ግን በዚያ ብቻ አትመኑ። ስም በአማርኛ አንዴ በ«ሀ»፣ አንዴ በ«ሐ»፣ አንዴ በ«ኀ» ስለሚጻፍ ያመልጣል። በዓይን አንድ ጊዜ አንብቡት። ሰፈሩን «በከተማው መሐል» በሉት። ዕድሜውን «ከ8 እስከ 10» አድርጉት። ትምህርት ቤቱን አውጡት። በሽታውን «የጤና ችግር» በሉት፤ ለሥራው ካላስፈለገ ጨርሶ ሰርዙት። ስምና ምልክት የሚያገናኘው ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

በዚህ ከተማ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የተነሡ ቤተሰቦች አሉ። «ከእንዲህ ያለ ሰፈር ተነሥተው ወደ እንዲህ ያለ ሰፈር የሄዱ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ቤተሰብን ሊጠቁም ይችላል። የመጡበትና የሄዱበት ቦታ አንድ ላይ አይጻፍ።

በስልክ የተነሣ የፋይል ፎቶም አይገባም። «አንብበህ ጻፍልኝ» ማለት ይቀላል፤ አውቃለሁ። ግን ፎቶው ላይ ማኅተሙ፣ ስሙ፣ ፊርማው፣ ጥጉ ላይ የተጻፈው ስልክ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

5. የልጆች ደብዳቤ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። ጉዳቱ የማይታየው እዚህ ነውና።

አንድ ልጅ ለስፖንሰሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ደህና ነኝ። ኳስ እጫወታለሁ። ሒሳብ ይከብደኛል። ለጥምቀት ነጭ ልብስ ለብሼ ነበር።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ለኤአይ ሰጥታችሁ «አሳምረህ ተርጉም» ብትሉት፣ ሕይወቱ በስፖንሰሩ እንደተለወጠ፣ ዶክተር የመሆን ሕልም እንዳለው፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚጸልይላቸው የሚተርክ ገጽ ሊወጣ ይችላል። ያማረ እንግሊዝኛ ይሆናል። ልጁ ግን አላለውም። ልጁ ያልጸለየውን ጸሎት በስሙ መላክ በሐሰት መመስከር ነው። ለክርስቲያናዊ ድርጅት ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ትእዛዛችሁ እንዲህ ይሁን፦

«ከታች ያለውን የአማርኛ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉም። ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ። አጭር ከሆነ አጭር ይሁን። ስሜት አትጨምርበት። ያልገባህ ቃል ካለ በቅንፍ ‹አልገባኝም› ብለህ እለፈው። ‹ልጅ ሀ› የሚለውን እንዳለ ተወው። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ አትቀይራቸው።»

የመጨረሻዋን መስመር አትርሷት። ጥር 11 ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዴ 20 ላይ ይውላል። ማሽኑ «ጃንዋሪ 11» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልጁ «2 ሰዓት ትምህርት ቤት እገባለሁ» ሲል ጠዋት ነው፤ ትርጉሙ ላይ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወይም ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ሆኖ ይቀራል። 2016 ዓ.ም. ብሎ የጻፈውም 2016 እንዳለ ይሻገራል፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ። ቅየራውን እናንተ አስሉት።

ሦስት ነገር ደግሞ በሰው ዓይን ይታይ። ጾታ፦ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ብዙ ነው፤ ማሽኑ ሴቷን ልጅ ወንድ ያደርጋታል። የአባት ስም፦ ማሽኑ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ልጁን በአባቱ ስም ይጠራዋል። ከስፖንሰሩ የመጣውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ ደግሞ አንተ፣ አንቺና እርስዎ ይደባለቁበታል። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ልጁ መጀመሪያ አንተ፣ መጨረሻ ላይ እርስዎ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

አማርኛ ላይ የሚያጋጥም ሌላም ነገር አለ። ፊደላችን ለኮምፒዩተር ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ማሽኑ ጽሑፉን ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፍለው የነጻው አገልግሎት ገደብ ቶሎ ይደርሳል፤ ረጅም ጽሑፍ ላይም መዝለል ይጀምራል። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አሥር ደብዳቤ አንድ ላይ ከለጠፋችሁ የአንዱ ልጅ ታሪክ ወደ ሌላው ይገባል።

ስሙን መልሳችሁ የምታስገቡት በመጨረሻ፣ ከኤአዩ ውጭ፣ በእጃችሁ ነው። ከተቻለ የተተረጎመውን ለልጁ በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩት፤ «እንዲህ ብለህ ነበር አይደል?» ብላችሁ። ልጆች የራሳቸው ያልሆነውን ቶሎ ያውቃሉ።

6. ሪፖርትና ፕሮፖዛል

ቁጥር በኤክሴል ይሠራ፤ ኤአይ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያስተካክል። «ስንት ልጅ ተጠቃሚ ሆነ» የሚለውን ከመዝገብ ውጭ ማንም አይመልስም።

ረቂቁ ሲወጣ አትሙት። እስክሪብቶ ይዛችሁ እያንዳንዱን ቁጥር፣ እያንዳንዱን ቀን፣ እያንዳንዱን ሕግ፣ «ጥናት እንደሚያሳየው» የሚለውን ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ ለእያንዳንዱ መስመር «ወረቀቱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ይሰረዝ። ማሽኑ የሌለ ጥናት ስምና ዓመት ሰጥቶ ሊጽፍ ይችላል፤ አጻጻፉ ደግሞ እውነት ይመስላል።

ሕግ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያረጀ መረጃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለ አስተዳደር ወጪ ብትጠይቁት በቀድሞው የበጎ አድራጎት አዋጅ 621/2001 ዘመን የነበረውን 70/30 (70 በመቶ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ሊነግራችሁ ይችላል። እርሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የደነገገው። በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ይህን ማሳሳት ምን እንደሚያመጣ የፋይናንስ ኃላፊያችሁ ይነግራችኋል። የሕግ ጥያቄ መልሱ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታይ።

ለጋሹ ኤአይ ተጠቅማችሁ እንደሆነ ከጠየቀ በግልጽ መልሱ። ባይጠይቅም አንድ መስመር ማስገባት ጥሩ ነው፦ «የዚህ ሪፖርት እንግሊዝኛ በኤአይ ታግዞ ተስተካክሏል፤ መረጃው በሠራተኞቻችን ተረጋግጧል።»

7. ፎቶና ምስል

የእውነተኛ ልጅ ፎቶ ኤአይ ውስጥ አይገባም። ለማሳመር፣ ጀርባውን ለመቀየር፣ ወደ ካርቱን ለመለወጥም ቢሆን።

በኤአይ የተሠራ የችግረኛ ልጅ ምስል ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አትጠቀሙ። «ማንም ልጅ ስላልተጎዳ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ለጋሹ ያየው ልጅ አለመኖሩ ነው። ከዚህም ሌላ ማሽኑ የአፍሪካ ልጅ ሳል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ምስል የተቀደደ ልብስ፣ አቧራና እንባ ነው። የእኛ ልጆች እንዲህ ብቻ አይደሉም። ዩኒፎርም ለብሰው የሚሳሳቁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምሩ ናቸው። ፎቶ ካስፈለጋችሁና ፈቃድ ከሌላችሁ፣ እጅ፣ ደብተር፣ ከበሮ፣ ባዶ መማሪያ ክፍል አንሡ። ለጥቅስ ካርድ ወይም ለፕሮግራም ማስታወቂያ የሚሆን አበባና ሐረግ ግን በኤአይ ቢሠራ ማንንም አይጎዳም።

8. ቃለ እግዚአብሔር

ለልጆች ጥናት ጥያቄ፣ ጨዋታ፣ የትምህርት ዕቅድ በኤአይ ማዘጋጀት ይቻላል። ጥቅሱን ግን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ ገልብጡ። ማሽኑ የአማርኛ ጥቅስ ከትዝታ ሲጽፍ ቃል ይቀይራል፣ ምዕራፍ ያዛባል። የመዝሙር ቁጥርም ይለያያል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በኦርቶዶክሱ ዳዊት 22ኛ፣ በፕሮቴስታንቱ 23ኛ ነው። የምታገለግሏቸው ልጆች ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን ከሆኑ፣ አንዳንዶቹም ሙስሊሞች ከሆኑ፣ ማሽኑ ያመጣውን ትምህርት አገልጋይ ሳያነበው ልጆች ፊት አይቅረብ።

9. ለማሽን የማይሰጥ ውሳኔ

የትኛው ልጅ ይደገፍ፣ የቱ ቤተሰብ ይቅደም፣ ማን ከፕሮግራሙ ይውጣ የሚለው በኮሚቴ ይወሰን። የልጆችን ዝርዝር አስገብቶ «በችግር ቅደም ተከተል ደርድርልኝ» ማለት ክልክል ይሁን። ማሽኑ ቤቱን አላየም።

አንድ ልጅ ላይ ጥቃት እንዳለ ከጠረጠራችሁ ኤአይ አትጠይቁ። ወዲያው የሕፃናት ጥበቃ ኃላፊዋን አግኙ፤ እርሷም እንደ ደንባችሁ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ታሳውቅ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከማሽን ጋር የሚጠፋ ሰዓት ከልጁ ላይ የሚወሰድ ሰዓት ነው።

ልጆቹ ራሳቸው እንዲጠቀሙስ? ቻትጂፒቲ በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም፤ ከ18 በታች ያሉትም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በማዕከሉ ላፕቶፕ ታላላቆቹ ሲጠቀሙ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። ቤት ውስጥ የሚሰማው የሌለው ልጅ ምስጢሩን ለማሽን መንገር ይቀለዋል። የሚሰማው ሰው እናንተ ሁኑ።

10. አሳዳጊዎችን ጠይቁ

የፈቃድ ቅጻችሁ ላይ ስለ ኤአይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ቅጹ ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ አሳዳጊ «ፈርሚ» ሲባል የሚፈርመው እርዳታው እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ስለዚህ በቃል ንገሩ። ለምሳሌ ለአንዲት አያት፦

«እማማ፣ የልጅ ልጅዎ የጻፈውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ስንቀይር ኮምፒዩተር ያግዘናል። ስሙን፣ ፎቶውን፣ ሕመሙን ለኮምፒዩተሩ አንሰጥም። አልፈልግም ካሉ በእጃችን እንተረጉመዋለን። እርዳታው አይነካም፣ ማንም አይቀየምዎትም።»

ከዚያ ዝም በሉና ጊዜ ስጧቸው። እምቢ ያሉትን ቤተሰቦች ፋይል ላይ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱን የሚያየው ደብዳቤ የሚተረጉመው ሠራተኛ መሆን አለበት። አለበለዚያ እምቢታው ወረቀት ላይ ይቀራል።

11. መረጃ ከሾለከ

አንድ ቀን ሰው ይቸኩልና ስም ያለበትን ፋይል ያስገባል። ያኔ እንዲህ አድርጉ። ንግግሩን ከአካውንቱ ሰርዙ፤ መሰረዝ ከኩባንያው ሰርቨር ላይ ወዲያው ያጠፋል ማለት እንዳልሆነ ግን እወቁ። ምን እንደገባ፣ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሆነ በዚያው ቀን ጻፉ። ለሥራ አስኪያጁና ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊዋ አሳውቁ። ጤና ወይም ጥቃት የሚመለከት ከሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ አዋጁ የዳታ ጥሰት ሲኖር የማሳወቅ ግዴታን ይዟል። ለአሳዳጊውም ራሳችሁ ንገሩ፤ ከሌላ ሰው አይስሙት።

ያስገባውን ሠራተኛ በስብሰባ ላይ አታሸማቅቁት። እርሱ ቢሸማቀቅ ቀጣዩ ይደብቃል፤ የተደበቀውን ደግሞ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። ማስታወሻው ያለ ስሙ ለቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ፤ የግድግዳው ዝርዝርም በዚያው ይታረም።